«ያየነው ቀይ ቀበሮ አልነበረም»

ውድ አማካሪያችን፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የ41 ዓመት ሰው ነኝ። ደባርቅ ተወልጄ ያደግኩ፣ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለ14 ዓመት እንግዳ ይዤ የዞርኩ አስጎብኚ ነኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ዘንድሮ ግን አንድ ነገር አደረግሁና ውስጤ እረፍት አጣ።

እንደሚያውቁት ሥራችን ቀዝቅዟል። መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ ጦርነት፣ ከዚያ ደግሞ በክልላችን የተነሳው ግጭት። እኛ የምንሠራው በተራ ነው። ዱሮ በጥቅምትና በኅዳር ተራዬ ቶሎ ቶሎ ይደርስ ነበር። ባለፈው ታኅሣሥ ግን የደረሰኝ ከሰባት ወር በኋላ ነው። እንግዶቹ በዕድሜ የገፉ ጀርመናዊ ባልና ሚስት ነበሩ። ሰውዬው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የመጀመሪያውን ማታ ሳንቃበር እሳት ዳር ቁጭ ብለን፣ ቀይ ቀበሮን ለማየት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲመኙ እንደኖሩ አጫወቱኝ። «እናያለን ወይ?» አሉኝ። «እናያለን» አልኩ። ማለት አልነበረብኝም።

አራት ቀን ተጓዝን። የጅንባርን ፏፏቴ አየን፣ ግጭ አደርን፣ እሜት ጎጎ ላይ ቆመን ገደሉን ቁልቁል አየን። ጭላዳ ጠግበን ዋልን። ጨነቅ ላይ ዋልያም ተገኘ። ቀይ ቀበሮ ግን የለም። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ወደ ቧሂት ስንወጣ ጅብራ ከምንላቸው ረጃጅም የደጋ ተክሎች መሀል ከሩቅ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሰውዬው «ያውና!» ብለው ጮኹ። በመነጽር አየሁት። ተራ ቀበሮ ነው፣ ያ በግ የሚሰርቀን። ሚስትየዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የሰውዬው እንባ መጣ። ዞር ብለው «ነው አይደል?» አሉኝ። «ነው» አልኩ።

አብሮኝ ሥራ የሚለማመድ ልጅ ነበር። ቀስ ብሎ በአማርኛ «ጋሼ፣ ይሄ ተራው ቀበሮ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ዝም በል አልኩት።

ሲሰናበቱኝ የሰጡኝ ቲፕ ከአራቱ ቀን ክፍያዬ ይበልጥ ነበር። የሚያፈሰውን ጣሪያዬን ቆርቆሮ አስቀየርኩበት። ባለፈው ሰኔ ደግሞ ጻፉልኝ። ፎቶውን ትልቅ አድርገው አሳትመው ሳሎናቸው ሰቅለውታል። እንስሳውን ለሚያጠኑ ሰዎችም ሊልኩት ነው። አራት ጓደኞቻቸው በጥቅምት ይመጣሉ፣ የጠየቁትም እኔን በስሜ ነው፤ «እዚያው ቦታ ወስደህ አሳያቸው» ይላሉ። ባለቤቴን ሳማክራት «ደስ ብሏቸው ሄደዋል፣ ደስታቸውን ለምን ትነጥቃቸዋለህ? ደግሞ አራት እንግዳ!» አለችኝ። ልጁም በቀደም ተራ ጥንብ አንሳ እያሳየ ለእንግዳ «አጥንት ሰባሪው አሞራ ነው» ሲል ሰማሁትና ተቆጣሁት። «ጋሼ፣ እርስዎስ?» አለኝ።

ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል? ገንዘቡንስ ልመልስ?

ቆርቆሮውን ዝናብ በመታው ቁጥር ያ ጠዋት የሚመጣብኝ፣ ከደባርቅ

———

ወንድሜ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «አንተ» እያልኩ መጻፌን የታላቅ እህት ነገር ብለህ ቁጠርልኝ።

መጀመሪያ ስለዚያች ቅጽበት ላውራ። ሰባት ወር ሥራ ያላገኘ ሰው ነህ። ፊትህ ሽማግሌ ቆመው በደስታ ያለቅሳሉ። «አይደለም» ለማለት የነበረህ ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ሻይ አስቀምጬ በዚያች ትንፋሽ ልፈርድብህ ብል ይቀለኝ ነበር። አልፈርድም። በአንተ ቦታ ብሆን ምን እንደምል እርግጠኛ አይደለሁም።

ግን አንድ ነገር ልብ በል። «ማለት አልነበረብኝም» ብለህ የጻፍከው ቧሂት ላይ «ነው» ስላልከው አይደለም። ሳንቃበር እሳት ዳር «እናያለን» ስላልከው ነው። ብዕርህ ትክክለኛውን ቦታ አግኝታለች። ያን ማታ በተራራው ስም ቃል ገባህ፣ ተራራው ግን አልሰማም። ከዚያ ወዲያ አራት ቀን የተጓዝከው ዕዳ ተሸክመህ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ሆድህ መንቦጭቦጭ ሳይጀምር አልቀረም። ያ ቀበሮ ከጅብራው መሀል ብቅ ሲል ዕዳህን ከፈልክ፤ በሐሰተኛ ብር።

ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣህ የምትመዝዘው መከራከሪያ እንዳለህም እጠረጥራለሁ፣ ሥራህን የምታውቅ ሰው ነህና። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች የዘር ምርመራ አድርገው፣ በአፍሪካ የሚኖረው ያ ተራ ቀበሮ ከእስያው ቀበሮ የተለየ፣ ለተኩላ የሚቀርብ እንስሳ ነው አሉ። በእንግሊዝኛ ስሙ ከዚያ ወዲህ «የአፍሪካ ተኩላ» ሆኗል። ቀይ ቀበሮንም ፈረንጆቹ «የኢትዮጵያ ተኩላ» ነው የሚሉት። እንግዲህ ሽማግሌው «ኢትዮጵያ ሄጄ ተኩላ አየሁ» ቢሉ ማን ይከሳቸዋል? ጠበቃ ለሆነ ጓደኛዬ ይህን ብነግረው በጣም ወደደው። አንተን ግን እንደማያስተኛህ አውቃለሁ። ከልጅነታቸው የተመኙት ያንን አልነበረም።

ባለቤትህ ያሉትን እንዲሁ ማለፍ አልፈልግም። ያ ሁሉ ወር ያለ ሥራ ሲያልፍ የጤፉን ዋጋ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ደግሞ ግማሹ ልክ ነው። የሰዎቹ ደስታ ውሸት አልነበረም፣ እንባቸውም እውነተኛ ነው። ነገሩ እዚያው ታኅሣሥ ላይ ያለቀ ቢሆን ኖሮ፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ ምናልባት እኔም «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፣ ሁለተኛ እንዳይለምድህ» ብዬ አልፈው ነበር። ግን አላለቀም። ጥቅምት ላይ አራት ሰዎች ይመጣሉ። «እዚያው ቦታ» ትወስዳቸዋለህ። ምን ልታሳያቸው ነው? ወይ ያው ቀበሮ ይወጣና እንደገና «ነው» ትላለህ፣ ወይ ምንም አይወጣም፣ አራት ቀን ሙሉ ደግሞ ያንኑ ዕዳ ተሸክመህ ትሄዳለህ። ዝም ካልክ ሁለተኛ ውሸት ከአሁኑ ተይዞልሃል። ባለቤትህን ስታማክር ይህንን ነግረሃቸው ነበር? ወይስ ፎቶውንና አራቱን እንግዳ ብቻ?

ፎቶውም አለ። ሳሎን ተሰቅሎ ቢቀር አንድ ነገር ነው። የሚያጠኑት ሰዎች ጋ ከደረሰ ግን ለመለየት ብዙ አይቆዩም። ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፦ ቀይ ቀበሮ እግሩ ረጅም፣ አፍንጫው ቀጭን፣ ቀለሙ የሸክላ መሬት፣ ጉሮሮውና ደረቱ ላይ ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ጎፈር። ያ ግራጫ በግ ሌባ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣዋል? ሽማግሌው ነገሩን ከማያውቁት ሰው በደረቅ መልስ ከሚሰሙት ከአንተ ቢሰሙት አይሻልም? በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አካባቢ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ ነው ያለው። በስሜን ያሉት ከመቶ በታች ናቸው። እንዲህ በጣት በሚቆጠር ነገር ላይ «እዚህ ቦታ አንድ ታይቷል» የሚል የሐሰት ወሬ አንድም ብትሆን ቀላል አይደለችም።

ይሁንና ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለተኛ ሳነበው የያዘኝ ጀርመናዊው አይደሉም። ልጁ ነው።

ስለ ሽማግሌው እንባ፣ ስለ ፎቶው፣ ስለ ቆርቆሮው ጻፍክ። ስለ ልጁ ያለህ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ነው፣ ያውም ከጎን። እኔ ግን ትልቁ ጉዳት እዚያ ይመስለኛል። እስቲ ያንን ጠዋት በእሱ ዓይን እየው። ገና ተለማማጅ ነው። ከሩቅ አንድ እንስሳ ታየ። እሱ በትክክል ለየው! በዚያ ርቀት፣ በዚያ ዕድሜው። ለአስጎብኚ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ቀን አለ? ወደ ጋሼው ዞሮ ተናገረ። ያገኘው መልስ «ዝም በል» ነው። ያን ቀን ትክክል ያየ ዓይን ዝም እንዲል፣ የተሳሳተው እንዲሸለም ተማረ። እንግዲህ ጥንብ አንሳውን «አጥንት ሰባሪ» ቢለው ምን ይገርማል? ጅራቱ እንደ ሽብልቅ ሾጠጥ ያለውን አሞራ ከሌላው መለየት ያቅተዋል ብለህ ነው? ቀበሮ የለየ ልጅ አሞራ አያቅተውም። እያወቀ ነው ያለው። ያስተማርከው አንተ ነህ፣ ተቆጪውም አንተ ሆንክ። «እርስዎስ?» ቢልህ አትቀየመው።

ስለዚህ ከእሱ ጀምር። እንግዶቹ ስድስት ወር ቆይተዋል፣ አንድ ሳምንት ቢጨመርባቸው ምንም አይሉም። ልጁን ግን ቡና ጠርተህ፣ ወይ አብራችሁ ስትወጡ መንገድ ላይ፣ ንገረው። ረጅም ንግግር አያስፈልገውም። «ያን ጊዜ አንተ ልክ ነበርክ። ቀበሮውን ለይተኸው ነበር። እኔ ፈርቼ ነው ዝም ያስባልኩህ።» ይኸው ነው። «ፈርቼ» የምትለዋን ቃል አትዝለላት። በእኛ አገር ታላቅ ለታናሹ «ፈራሁ» ብሎ መናገር ከባድ መሆኑን አላጣሁትም። ጋሼነትህ ይቀንስ ይመስልሃል? እኔ አይመስለኝም፣ ግን አንተ ልጁን ታውቀዋለህ። ከዚያ ስለ አሞራው አንተ ሳታነሳ እሱ ያነሳዋል። ካላነሳም ተወው።

ለእንግዶቹ ደግሞ ጻፍላቸው። ማመካኛ ሳታበዛ፣ አጠር አድርገህ። ስለ ሥራ መጥፋቱና ስለ ጣሪያው አታንሳ፣ ሰዎቹ እንዲያዝኑልህ የጻፍክ ይመስላል። እኔ ብጽፈው እንዲህ ይመስል ነበር፦

«የጻፉልኝን አነበብኩ፣ ጓደኞችዎን ስለላኩልኝም አመሰግናለሁ። ከመምጣታቸው በፊት ግን አንድ ነገር ልነግርዎ ይገባል። ቧሂት ላይ ያየነው ቀይ ቀበሮ አልነበረም፣ ተራ ቀበሮ ነበር። እኔ ያን ጊዜም አውቄዋለሁ። ደስታዎን ማቋረጥ አቃተኝና ‹ነው› አልኩ። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፎቶውን ለተመራማሪዎች ልከውት ከሆነ እባክዎ ይህንን ይንገሯቸው። ጓደኞችዎ ሌላ አስጎብኚ ቢመርጡ እረዳለሁ።»

ምን ሊመጣ ይችላል? ሊቆጡ ይችላሉ። ኢንተርኔት ላይ ክፉ ነገር ሊጽፉብህ ይችላሉ፣ ይህንን አልደብቅህም። ለወር ያህል ዝም ሊሉህም ይችላሉ፣ እሱ ደግሞ ከቁጣው ይብሳል። አራቱ እንግዶች ሊቀሩብህ ይችላሉ። ለዚህ ነው ከመላክህ በፊት ከባለቤትህ ጋር መነጋገር ያለብህ። ፈቃድ ጠይቅ ማለቴ አይደለም። አንድ ቀን ማታ «እንዲህ ላደርግ ነው፣ እንዲህም ሊደርስብን ይችላል» በላቸው። ሥራው ቢቀር ጥቅምትን በምን ታልፋላችሁ? ይህ ጥያቄ ከኅሊና ጥያቄው ያነሰ አይደለም፣ አብራችሁ መልሱት።

ገንዘቡን አትመልስ። ቆርቆሮ ነቅለህ አትሸጥም። ደግሞ ሰዎቹ የሰጡህ ለአራት ቀን ነው፤ ለጅንባር፣ ለእሳቱ ዳር ጨዋታ፣ ለእሜት ጎጎ። ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ለዚያች «ነው» እንደተከፈለ አንተ ብቻ ትገምታለህ። ቅር የሚልህ ከሆነ ጓደኞቻቸው ሲመጡ አንዷን ቀን በነጻ ምራቸው። ምክንያቱን ለማንም መናገር የለብህም።

ጓደኞቻቸው «እሺ፣ ታዲያ ቀይ ቀበሮ የት እንይ?» ቢሉህስ? እዚህ ላይ ነው እውነቱ ኪስህን የሚነካው። ቀይ ቀበሮ ከምንም በላይ ከሆነባቸው ወደ ባሌ ላካቸው። ሰነቴ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ገላጣ ሜዳ ነው። ቀበሮዎቹ በጠራራ ፀሐይ አይጥና ፍልፈል ሲያድኑ ይታያሉ። መንገዱ ሰላም ከሆነ መንዝ ጓሳም አለ፤ እዚያ የተደረገ አንድ ጥናት ቀይ ቀበሮዎቹ በጭላዳ መንጋ መሀል ገብተው ሲያድኑ ብቻቸውን ከሚያድኑት በጣም የተሻለ እንደሚቀናቸው አሳይቷል። ጭላዳዎቹም አይሸሿቸውም። (ይህቺን ወሬ እሳት ዳር አውራት፣ ከተስፋ ቃል የበለጠ ታሞቃለች።)

አንተ ጋ ደግሞ የማይቀር ነገር አለህ። ሣር እየጋጠ የሚኖር ብቸኛው ዝንጀሮ በመቶ እየሆነ ማለዳ ከገደሉ ሲወጣ ማየት። ከስሜን በቀር የትም የማይገኘውን ዋልያ ጨነቅ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ። የመጀመሪያውን ማታ ሳንቃበር ላይ «ጭላዳን አሳያችኋለሁ። ዋልያን ብዙ ጊዜ እናያለን። ቀይ ቀበሮ ግን ዕድል ነው፣ እኔም ለወራት ሳላየው የምቆይበት ጊዜ አለ» ብትል ፊታቸው ትንሽ ይወድቅ ይሆናል። ይውደቅ። በማግሥቱ ቀና ይላል፣ አንተም ቀለል ብሎህ ትጓዛለህ።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ስሜን ወጥቼ ነበር። አንዲት ትንሽ ወፍ አይቼ «ምን ትባላለች?» ብዬ አስጎብኚዬን ብጠይቀው አቀርቅሮ ትንሽ አሰበና «አላውቃትም» አለኝ። ማታ በባትሪ መጽሐፍ ሲያገላብጥ አየሁት። የወፏ ስም ዛሬ ጠፍቶብኛል። ከዚያ ወዲያ ግን የነገረኝን ሁሉ፣ አንድ አልቀረኝም፣ አመንኩት። ምናልባት ያ ሰው አንተን ያውቅህ ይሆናል፣ ደባርቅ ትንሽ ከተማ ናት።

ከልጁ ጋር ተነጋግራችሁ ስታበቁ ያንን መልእክት ብቻህን አትጻፈው። እሱን ቁጭ አድርገውና እንግሊዝኛውን አብራችሁ አስተካክሉት። «ላክ» የሚለውን እሱ ይጫነው።